ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ፦ የመጸዳጃ ታሪክ በጋሞ ደጋና በአርባ ምንጭ

መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ ይሻገራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያም ባሻገር የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ታች የሙዝና የማንጎ ማሳ፣ ላይ የእንሰት፣ የገብስና የፖም ጓሮ ነው። ታች ሌሊቱ ይሞቃል፤ ላይ ጋቢ ያስደርባል።

ይህ የከፍታ ልዩነት ለጎብኚ ውበት፣ ለገበሬ የሰብል ምርጫ ነው። ለጤና ባለሙያ ግን ሌላም ትርጉም አለው። ሐሬና ኩልፎ የተባሉት ወንዞች ከጋሞ ደጋ ተነሥተው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሐሬ ወደ አባያ፣ ኩልፎ ደግሞ በአርባ ምንጭ በኩል አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በጉዟቸውም ማሳ ያጠጣሉ፣ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ ሕፃናት ይዋኙባቸዋል። ከላይ በሜዳ የተጣለ ዓይነ ምድር ክረምት ሲገባ ከጎርፉ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። በአንጻሩ በተራራው ላይ በጉድጓድ የተቀበረው ደግሞ በቅዝቃዜው ምክንያት ከሚታሰበው በላይ ለረጅም ጊዜ አደገኛ ሆኖ ይቆያል።

በአገራችን የመጸዳጃ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በተቆፈሩ ጉድጓዶች ብዛት ነው። ስንት ቤተሰብ ቆፈረ? ሽፋኑ ስንት በመቶ ደረሰ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጋሞ ደጋና በአርባ ምንጭ የታየውን ሂደት ከመነሻው በመቃኘት፣ ሁለተኛውን ግማሽ ማለትም ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ ምን እንደሚሆን ማመልከት ነው።

የእንሰት ጓሮና ደጅ

በአማርኛ ለመጸዳዳት መሄድን የሚገልጹት የቆዩ አባባሎች ሁሉ ከቤት መውጣትን ያመለክታሉ፤ ደጅ መውጣት፣ ሜዳ መውጣት፣ እዳሪ መውጣት ይባላል። እዳሪ የሚለው ቃል ያልታረሰውን መሬትም የሚጠራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ለዘመናት መጸዳጃ ማለት ማንም የማይዘራበት፣ ማንም የማያይበት ባዶ ሥፍራ ነበር። ሕዝቡ ጥቂት፣ ባዶው መሬት ብዙ በሆነበት ዘመን ፀሐይና አፈር የድርሻቸውን ይሠሩ ስለነበር፣ ልማዱ ዛሬ የሚታየውን ያህል ጉዳት ላያስከትል ይችል ነበር።

የጋሞ ደጋ ግን ከጥንት ጀምሮ ባዶ መሬት የበዛበት አካባቢ አይደለም። በዶርዜ፣ በጨንቻና በአካባቢያቸው ያለው ተራራማ መሬት በእርከን ተከፋፍሎ በጥብቅ የሚታረስ፣ ሕዝብ በጣም የሰፈረበት ነው። ቤቶቹ ከቀርከሃ ተሠርተው ከፍ ያሉ፣ በእንሰት የተከበቡ ናቸው። ከብቶቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በግርግዳ ብቻ ተለይተው ያድራሉ። ፍጋቸውም በጥንቃቄ ተሰብስቦ፣ በተለይም በሴቶች ጀርባ ተሸክሞ፣ ወደ እንሰቱና ወደ ማሳው ይወሰዳል። የእንሰት ጓሮ ለብዙ ትውልድ ሳይነጥፍ መኖሩ የዚህ ሸክም ውጤት ነው። እንግዲህ የጋሞ ገበሬ ከሆድ የወጣው ወደ መሬት ሲመለስ ሀብት እንደሚሆን ከማንም ሳይማር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የከብቱን ፍግ እንጂ የሰውን አይመለከትም ነበር። የሰው ዓይነ ምድር የሚጣለው ጨለማን ተገን አድርጎ፣ ወይም በሰፋፊ የእንሰት ቅጠሎች ተከልሎ በዚያው በጓሮ ውስጥ ነበር። እንሰት ከዓይን ይጋርዳል፤ ቅጠሉም ለመጥረጊያ ያገለግላል። ነገር ግን ጓሮው እናት ባዶ እግሯን የምትኮተኩትበት፣ ሕፃን የሚድህበት ቦታ ነው። በእርጥብና በጥላ ሥር ባለ አፈር ውስጥ የወስፋት እንቁላል ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በጋሞ ደጋ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወስፋትና ሌሎች በአፈር የሚተላለፉ ትሎች በብዛት መታየታቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም።

ማኅበረሰቡ ስለ ንጹሕና ርኩስ የራሱ ሥርዓት እንደነበረውም ሊዘነጋ አይገባም። በጋሞ እምነት ጎሜ የሚባለው ሐሳብ ሰው የማኅበሩን ሕግ በተላለፈ ጊዜ በራሱ፣ በከብቱና በሰብሉ ላይ መቅሠፍት እንደሚመጣ ያስተምራል። የተከበሩ ደኖችና ዱቡሻ የሚባሉት የሸንጎ ሜዳዎች ለብዙ ዘመን ተጠብቀው የኖሩት በዚህ ሥርዓት ጭምር ነው። የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉም በሽታ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከሕዝብ ጤና ትምህርት ጋር የሚጋጭ ሳይሆን የሚቀራረብ ነው። ከውጭ የመጡ ትምህርቶች ይህን በር ያንኳኩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር።

ጉድጓድ እንደ ትምህርት

ዘመናዊው የአካባቢ ጤና አጠባበቅ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጋር ነው። ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይመደቡ ነበር። የሳኒታሪያኑ ሥራ ምንጭ ማጎልበት፣ ገበያና ምግብ ቤት መቆጣጠር፣ ከሁሉም በላይ ግን ሕዝቡን መጸዳጃ እንዲቆፍር ማስተማር ነበር።

በዚያን ጊዜ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫው ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። የአዲሲቱ ከተማ ስም ከገደሉ ግርጌ፣ በደን ተከበው ከሚፈልቁት ምንጮች የተገኘ ነው፤ የከተማው ሕዝብም ለረጅም ጊዜ የጠጣው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። ከተማዋ ሼቻ በሚባለው በላይኛውና ሲቀላ በሚባለው በታችኛው ክፍል ተከፍላ ስታድግ፣ የጉድጓድ መጸዳጃ የግቢው አካል ሆነ። በደጋው ያለው ገበሬ ግን ለብዙ ዓመታት በዚያው በልማዱ ቆየ።

ሳኒታሪያኑ ያስተማሩት ጉድጓድ በሳይንስ ረገድ ትክክል ነበር፤ ዓይነ ምድርን ከዝንብ፣ ከእግርና ከውኃ ይለያል። ከትምህርቱ የጎደለው የማብቂያው ምዕራፍ ነበር። ቆፍር፣ ተጠቀም፣ ሲሞላ ዝጋና ሌላ ቆፍር የሚለው መመሪያ መሬት ሰፊ ለሆነለት ሰው የሚሠራ ነው። በእርከን ላይ ለሚኖርና እያንዳንዷ ክንድ መሬት ለእንሰት ለምታስፈልገው ቤተሰብ ግን ሌላ የት ይቆፍራል የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

የ1996 ዓ.ም. ንቅናቄ

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ከመርሐ ግብሩ 16 ፓኬጆች መካከል 7ቱ የንጽህና አጠባበቅና የአካባቢ ጤና ሲሆኑ፣ የዓይነ ምድር አወጋገድ አንዱ ነበር። ለየቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ከዚያ በፊት የጤና ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ እንኳ በማይደርስባቸው የተራራ መንደሮች በደመወዝ የምትሠራ ነዋሪ ባለሙያ ተገኘች ማለት ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ በወቅቱ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ጤና ቢሮ፣ በዶክተር ሽፈራው ተክለማርያም መሪነት፣ ጠንካራ የመጸዳጃ ንቅናቄ አካሄደ። የንቅናቄው ልዩ ገጽታ ለቤተሰብ ድጎማ አለመስጠቱ ነበር። ሲሚንቶም ሆነ ሰሌዳ አልታደለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በአካባቢው ባገኘው እንጨት፣ ጭቃና ሣር እንዲሠራ ተደረገ። የቀበሌ አመራር፣ የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በአንድነት ተሰለፉ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች እንደሚያመለክቱት፣ በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ13 በመቶ በታች የነበረው የክልሉ የመጸዳጃ ሽፋን በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ከሦስት አራተኛ በላይ ደርሶ ነበር።

በዚህም ሳያበቃ በማኅበረሰብ የሚመራ የተሟላ ሳኒቴሽን የሚባለው ዘዴ ተከተለ። ዘዴው የተወለደው በባንግላዴሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ሕንዳዊው ዶክተር ካማል ካር በአንድ መንደር የጀመረው ነው። ነዋሪዎች በመንደራቸው ዙሪያ ተዘዋውረው በሜዳ የተጣለውን እንዲያዩ፣ ከዚያም ወደ ምግባቸው እንዴት እንደሚመለስ ራሳቸው እንዲያሰሉ ይደረጋል። ውሳኔው የባለሙያው ሳይሆን የመንደሩ ነው። ዘዴው ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ በአርባ ምንጭ አካባቢ የምትገኘው የፉራ ቀበሌ በሜዳ መጸዳዳትን በማቆም በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሆና ተጠቅሳለች።

የእነዚህ ጥረቶች አጣዳፊነት በ1998 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በጋምቤላ የተቀሰቀሰው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወደ ሌሎች ክልሎችም፣ ወደ ደቡብም ጭምር ተዛመተ። አተት የሚለው አሕጽሮት በየጤና ጣቢያው የተለመደ ቃል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በሜዳ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ በዓለም ከታዩት ትላልቅ ቅነሳዎች አንዱ ነው። ለዚህ ውጤት በየተራራው በእግራቸው የተጓዙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚገባቸው ምስጋና ታላቅ ነው።

ነገር ግን በጥድፊያ የተቆፈረ ጉድጓድ ዕድሜው አጭር ነው። ጣሪያው ይበሰብሳል፣ ወለሉ ይሰምጣል፣ ክረምት ጎርፍ ይገባበታል፣ በመጨረሻም ይሞላል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ሌላ ይቆፍራል፣ ያለውን ያወጣል፣ ወይም ወደ እንሰቱ ጓሮ ይመለሳል። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የቀለለ ነው። በሪፖርት ላይ ግን ቤተሰቡ መጸዳጃ ያለው ሆኖ መቁጠሩ ሊቀጥል ይችላል።

አርባ ምንጭ እንደ ቤተ ሙከራ

ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በግልጽ ከተጠየቀባቸው የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። ለዚህ መነሻ የሆነው በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ድረስ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሮሳ የተባለ ፕሮጀክት በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ተካሄደ፤ በአርባ ምንጭ፣ በኬንያ ናኩሩ፣ በታንዛኒያ አሩሻና በኡጋንዳ ኪትጉም። የፕሮጀክቱ መሠረተ ሐሳብ ዓይነ ምድርና ሽንት ቆሻሻ ሳይሆኑ ሀብት ናቸው የሚል ነበር። ይህም ከጋሞ ገበሬ የፍግ ዕውቀት እምብዛም የራቀ አልነበረም።

በአርባ ምንጭ የተሞከሩት መጸዳጃዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለየው ደረቅ መጸዳጃ ነው። መቀመጫው ሽንቱን በቱቦ ወደ ጄሪካን፣ ዓይነ ምድሩን ወደ ታችኛው ክፍል ይከፍላል፤ ከተጠቀሙ በኋላ አመድ ይነሰነስበታል። ሁለተኛው ፎሳ አልተርና ይባላል፤ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ተቆፍረው በተራ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይበሰብሳል፣ ሌላው ይከፈታል። ሦስተኛው አርቦርሉ ነው፤ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እየተጠቀሙ አፈርና አመድ ይጨመርበታል፣ ሲሞላም በአፈር ተሸፍኖ ዛፍ ይተከልበታል፣ ቤቱና ወለሉ ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ ይዛወራሉ።

ሁለቱን የኋለኞቹን ዓይነቶች ያዳበረው በዚምባብዌ የሠራው ፒተር ሞርጋን ነው። ሐሳቡ ራሱ ግን በዕድሜ የገፋ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ሄንሪ ሙል በደብራቸው ኮሌራ ካዩ በኋላ ደረቅ አፈር የሚነሰነስበትን መጸዳጃ ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ1860 የባለቤትነት መብት አስመዝግበዋል። በኢትዮጵያም ከሮሳ አስቀድሞ አልማዝ ተረፈና ጉንደር ኤድስትሮም በአዲስ አበባ በዚህ ዘዴ ላይ የሠሩ ሲሆን፣ አርቦርሉም በበጎ አድራጎት ድርጅቶች አማካይነት በሌሎች የገጠር አካባቢዎች በስፋት ተዋውቋል።

አርባ ምንጭን ለየት የሚያደርጋት ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ለመከተል መሞከሯ ነው። ውበት ለአርባ ምንጭ የተባለ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማኅበርና እኛን ነው ማየት የተባለ የብስባሽ አምራቾች ማኅበር በሥራው ተሳትፈዋል። በዩኒቨርሲቲውም የሰው ሽንት ለበቆሎ ማዳበሪያነት ያለው ጥቅም ተጠንቷል። ሥራው ክላራ በተባለ ሌላ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ተከታይ አግኝቷል። ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። መጸዳጃው የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን፣ ይዘቱን የሚያወጣ፣ የሚያጓጉዝና የሚቀበል ሰው ከሌለ ግንባታው ብቻውን አይኖርም።

ቅዝቃዜና ጊዜ

እዚህ ላይ የሕክምና ሳይንስ ሊናገር የሚገባው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ዓይነ ምድር ለእርሻ ከመዋሉ በፊት ሊቆይ የሚገባውን ጊዜ በአካባቢው ሙቀት ለይቶ አስቀምጧል። አዲስ ሳይጨመርበት በማቆየት ብቻ ለማከም፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይገባል፤ ያም ሆኖ ጥቂት የትል እንቁላሎች ሊተርፉ እንደሚችሉ መመሪያው ያሳስባል። አመድ ወይም ኖራ ተጨምሮበት የአልካሊነቱ መጠን ከ9 በላይ ከሆነ፣ ደረቅና ሙቅ በሆነ ሁኔታ ከስድስት ወር በላይ መቆየቱ ይበቃል።

የ20 ዲግሪው ድንበር በጋሞ ዞን ውስጥ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ያልፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሲቀላ ነዋሪ የሚሠራው የአንድ ዓመት ምክር ለዶርዜ ነዋሪ አይሠራም። የአንድ ወረዳ መመሪያ ለሌላው በቀጥታ ሲቀዳ ከጉድጓዱ የወጣው በዓይን ሲታይ አፈር መስሎ፣ ሽታውም ጠፍቶ፣ በውስጡ ግን ሕይወት ያለው የወስፋት እንቁላል ይዞ ወደ ጎመኑ መደብ ይደርሳል። ከሁሉም በሽታ አምጪዎች መካከል ጊዜንና ድርቀትን በመቋቋም የሚታወቀው ይኸው የወስፋት እንቁላል ነው።

የሌላ አገር ታሪክም ይህን ያረጋግጣል። በሰሜን ቬትናም እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረው ባለ ሁለት ክፍል ደረቅ መጸዳጃ ከቆየ የገበሬ ልማድ ጋር ተስማምቶ በሰፊው ተስፋፋ። ሆኖም የተከላ ወቅት ሲደርስ ገበሬዎች ጊዜው ሳይሞላ ያወጡት ስለነበር፣ በተሻለ መጸዳጃ ውስጥ አልፎ የሄደው ትል ወደ ማሳው ተመለሰ። ስሕተቱ የግንባታ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነበር።

ስለዚህም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የተማሪዎች የትል ማከሚያ ዘመቻ ክኒን የዋጠ ሕፃን፣ ከጓሮው ያለው አፈር ካልተለወጠ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ክኒኑ በልጁ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ በአፈር ውስጥ ላለው እንቁላል ግን የሚሠራው ነገር የለም።

ከሌሎች ተራሮች

መንገድ የማይደርስባቸውን የተራራ ማረፊያዎች የሚያስተዳድሩ አገሮች ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል። የቧንቧ መስመር የለም፤ የመምጠጫ መኪና አይወጣም፤ ቅዝቃዜው መበስበስን ይከለክላል። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የብዙ ማረፊያ ጎጆዎች ዓይነ ምድር በበርሜል ተሞልቶ በሄሊኮፕተር ይወርዳል። በስዊዘርላንድ 2,883 ሜትር ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የሞንቴ ሮዛ ጎጆ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለመጸዳጃ ይጠቀምበታል። በአላስካ የዴናሊ ተራራ፣ በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ የተጣለው ዓይነ ምድር ሳይበሰብስ ከበረዶው ጋር ቀስ በቀስ እየተጓዘ ታች እንደሚወጣ ተመራማሪዎች ስላመለከቱ፣ ወጪዎች የራሳቸውን በተከደነ ዕቃ ይዘው እንዲወርዱ ደንብ ወጣ። በኤቨረስትም እ.ኤ.አ. በ2024 የአካባቢው አስተዳደር ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል።

በአገራችንም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሳንቃበር፣ የግጭና የጭንቅ ሰፈሮች ለብዙ ዓመታት መንገደኛን አሳድረዋል። በመቄት ገደላማ አካባቢዎች ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ውኃ በማይፈልጉ መጸዳጃዎች አገልግለዋል። በዶርዜም የቀርከሃውን ቤትና የሸማውን ሥራ ለማየት የሚመጣ እንግዳ በመንደሩ ያድራል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ማናቸውም ድርጅት ንጹሕ፣ በቂና ለተጠቃሚ ምቹ መጸዳጃ እንዲኖረው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ያስገድድ ነበር። አዋጁ ለእንግዳ ማረፊያው ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱም ይሠራ ነበር። በተራራ ጫፍ ላይ ያለ የጤና ኬላም ቢሆን በጉዳዩ ከአልፕስ ጎጆ አይለይም፤ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ የሚያወርድ ግን የለም።

ሄሊኮፕተሩ የእኛ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ተራሮች የሚገኘው ትምህርት በገንዘብ የሚለካ አይደለም፤ መጸዳጃው ከመሠራቱ በፊት መጨረሻው የሚታሰብ መሆኑ ነው።

ለደጋው የሚስማማው

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲመዘን ለጋሞ ደጋ ከሁሉ የሚስማማው አርቦርሉ ይመስላል። ምክንያቱም በቀዝቃዛ አየር ለማረጋገጥ የሚያስቸግረውን የማቆያ ጊዜ ከናካቴው ያስቀራል። ማንም አያወጣውም፣ ማንም አይነካውም፤ ዛፉ ብቻ ይወስደዋል። ጨንቻ ደግሞ ሚሲዮናውያን ባስገቡት ፖም የታወቀች ናት። በሞላ ጉድጓድ ላይ የተተከለ የፖም ችግኝ መሬቱን ከምርት አያስወጣውም፤ ለእርከን ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ባለ ሁለት ጉድጓዱ ዘዴ፣ የአንዱ ዓመት ቆይታ እስከተከበረ ድረስ፣ ተስማሚ ነው። በሁለቱም ዘንድ ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁ፣ የታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃ በቂ ከፍታ ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። በጋሞ ማኅበረሰብ ውስጥ ማናና ደጋላ የሚባሉት የሸክላና የቆዳ ሠራተኞች ለብዙ ዘመን ከሌላው ተገልለው ኖረዋል። ጉድጓድ ማውጣት ማንም ያልተመደበበት ሥራ ሆኖ ሲቀር፣ ሸክሙ በልማድ ቀድሞውኑ በተናቀው ሰው ላይ የመውደቅ አደጋ አለው። ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና እንዲሁም ተገቢ ክፍያ የሌለው የማውጣት ሥራ የአንዱን ቤት ጤና በሌላው ሰው በሽታ መግዛት ነው። ሥራው በግልጽ ተነጋግሮ፣ የሚቻል ከሆነም በዱቡሻ በሽማግሌዎች ፊት ተወስኖ፣ ባለቤት ሊኖረው ይገባል። የአንዱ ጥፋት የሁሉም በሽታ እንደሆነ ለሚያምን ሕዝብ ይህ አዲስ ቋንቋ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ከጎንደር ሳኒታሪያን እስከ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ድረስ ያለፈው የባለሙያ ትውልድ ሕዝቡን ከሜዳ ወደ ጉድጓድ አሻግሯል። ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ሕፃናትንም ከሞት እንዳተረፈ ይታመናል። እናት ለመጸዳዳት ጨለማን እንዳትጠብቅ አድርጓል። የቀረው ግማሽ ግን ያልተጻፈ ነው።

ይህን ግማሽ ለመጀመር አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። በቤት ለቤት ጉብኝት ወቅት መጸዳጃ አለ ወይስ የለም ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ሦስት ጥያቄዎችን መጨመር ይቻላል፤ ጉድጓዱ መቼ ተከፈተ? የቀድሞው መቼ ተዘጋ? ይህኛው ሲሞላ ምን ይደረጋል? መልሶቹ ከቤተሰቡ ስም ጎን ቢመዘገቡ፣ የጤና ኬላው የትኛው ጓሮ ለእጅ እንደሚያሰጋ፣ የትኛውም ዛፍ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ከሐሬና ከኩልፎ በታች የሚኖረው ሕዝብ ጤና በከፊል የሚወሰነው በእነዚያ መልሶች ነው።